መሣሪያው ይምራ ወይስ ዜማው? የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃና የቦረና የኤላ ዘፈን

በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሜጋና በሞያሌ ሠርግ ሲደገስ ከዳሱ ሥር የሚቀመጠው ሙዚቀኛ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው። ከፊቱ አንድ ኪቦርድ፣ ከጎኑ ድምፅ ማጉያ ይኖራል። ከበሮው፣ ቤዙ፣ ዋሽንቱ፣ የእጅ ጭብጨባው ሳይቀር ከዚያው ሣጥን ይወጣል። ስለዚህ አሠራር የሚሰማው ክርክር ሁለት ጎራ ይዞ ቆይቷል። አንደኛው ወገን ኪቦርዱ የአገሩን ዜማ ገደለው ሲል ያማርራል፤ ሌላው ደግሞ ዘመን ያመጣው ነውና እንቀበለው ይላል። ሁለቱም ፍርዳቸውን የሚሰጡት በዕቃው ላይ እንጂ በሥራው ላይ አይደለም። ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው ግን ሌላ ነው፤ ሙዚቀኛና መሣሪያ ሲገናኙ መሪው ማን ነው? ዜማው ለመሣሪያው ይታዘዛል ወይስ መሣሪያው ለዜማው?

ለዚህ ጥያቄ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታሪክ ራሱ ምስክር አለው። እ.ኤ.አ. በ1944 ግብፃዊው ሐሊም ኤል ዳብ ድምፅን በቀጭን ሽቦ ላይ የሚቀርጽ መሣሪያ ካይሮ ከሚገኝ የሬዲዮ ጣቢያ ተውሰው የዛር ሥርዐት ዘፈን ቀረጹ። ከዚያም የቀረጹትን ድምፅ በማጥራት፣ በማስተጋባትና በመለዋወጥ አዲስ ድርሰት አደረጉት። በዘርፉ ቀደምት ተደርገው ከሚቆጠሩት የፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር የ1948 ሥራዎች በአራት ዓመት ይቀድማል። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ ይህ አዲስ ጥበብ በአፍሪካ ምድር ሲጀመር የመጀመሪያው ተግባሩ ማዳመጥ ነበር። ያዳመጠውም ብዙ ተመራማሪዎች መነሻውን ከኢትዮጵያ ጋር የሚያያይዙትን ዛር ነበር።

እኚሁ የሙዚቃ ሰው በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ከሠሩ በኋላ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥተው በዩኒቨርሲቲው አስተማሩ፤ በ1963ም ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረቱ። በዘመኑ ከነበሩት የረቀቁ መሣሪያዎች ጋር የተዋወቁት ሰው እዚህ ሲደርሱ በአንድ መድረክ ያሰባሰቡት ክራርን፣ ማሲንቆን፣ በገናንና ዋሽንትን ነበር። መሣሪያን በሚገባ ያወቀ ሰው መሣሪያን አያመልክም፤ የቱ ዜማ የቱን መሣሪያ እንደሚሻ ይለያል።

ዛሬ ከኮምፒዩተር የፈለገውን ድምፅ ማግኘት የሚችል ወጣት ሙዚቀኛ የአርባና የሃምሳ ዓመት ዕቃዎችን በውድ ዋጋ ሲያሳድድ መታየቱ ብዙዎችን ያስገርማል። እነዚህም በ1970 የወጣው ሚኒሙግ ሲንተሳይዘር፣ በ1980 የወጣው ሮላንድ 808 የከበሮ ማሽን፣ በ1983 የወጣው ያማሃ ዲኤክስ 7፣ በ1987 የወጣው ኢሙ ኤስፒ 1200 ሳምፕለርና የመሳሰሉት ናቸው። ሲንተሳይዘር ድምፅን ከኤሌክትሪክ የሚፈጥር ሲሆን፣ ሳምፕለር ግን ከውጭ የተሰማን ድምፅ ቀድቶ በቁልፍ የሚያስጮህ ነው። የሁለቱም ማራኪነት ያለው በጉድለታቸው ውስጥ ነው። ኤስፒ 1200 በማስታወሻው መያዝ የሚችለው አሥር ሰከንድ ያህል ድምፅ ብቻ ነው። አሥር ሰከንድ ብቻ የተሰጠው ሰው ደግሞ የሚይዘውንና የሚተወውን አስቦ ለመምረጥ ይገደዳል። ከጥበብ ሥራ ግማሹ ይህ ምርጫ ነው።

ጉድለቱ ግን ሁልጊዜ በረከት አይሆንም። ዲኤክስ 7 ከፋብሪካ ሲወጣ ድምፆቹ በአሥራ ሁለት እኩል እርከን የተቆለፉ ነበሩ። የክራር ደርዳሪ አውታሩን የሚቃኘው በዘፋኙ ጉሮሮ ልክ ነው፤ የማሲንቆ ተጫዋችም ጣቱን በሁለት ቁልፎች መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ ያሳርፋል። ይህ ባዶ ቦታ በኪቦርዱ ላይ የለም። ስለዚህ አንድ ዘፋኝ ለዓመታት በኪቦርድ ብቻ ሲታጀብ ጉሮሮው ሳያውቀው ወደ ቁልፉ ይጠጋል። ኪቦርዱ ገደለ የሚሉት ወገኖች ሥጋት እውነት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሆኖም ሚኒሙግ ቃናው በእጅ የሚስተካከል፣ ሙቀት ሲሰማውም ከቃናው የሚንሸራተት መሣሪያ ነው፤ የዲኤክስ 7 ተከታይም እርከኑን ለመለወጥ የሚያስችል ሆኖ ተሠርቷል። ስለዚህ መሣሪያውን ማሠልጠን ይቻላል፤ የሚያሠለጥነው ጆሮ ካለ።

እንዲህ ያለ ጆሮ ምን ሊሠራ እንደሚችል ከሚያሳዩት መካከል የኃይሉ መርጊያ ሥራ ይጠቀሳል። የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች የነበሩት ኃይሉ ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ከሄዱ በኋላ እዚያው ቀርተው በ1985 ብቻቸውን አንድ ካሴት አወጡ። በልጅነታቸው የለመዱትን አኮርዲዮን ከሙግ ሲንተሳይዘር፣ ከሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕደው የቆዩ ዜማዎችን ተጫወቱ። ካሴቱ ከዓመታት በኋላ በባሕር ዳር በአንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ እጅ ገብቶ በ2013 እንደገና ታተመ። ኃይሉ በእነዚያ ዓመታት ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዱ፣ ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ጊዜ ኪቦርዳቸውን ከመኪናቸው አውጥተው ይለማመዱ ነበር።

የካሴቱ ጥንካሬ የከበሮ ማሽኑ ከኋላ ቀርቶ አኮርዲዮኑ እንደ ሰው እንዲተነፍስ መፈቀዱ ነው። ዜማው ከምቱ ቀደም ይላል፣ ወደኋላ ይቀራል፣ ይለመጣል፤ ማሽኑ ደግሞ እንደ ምሰሶ ቆሞ ይጠብቀዋል። ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል። ምሰሶ አይራመድም፤ ምቱ ዜማው ሲሞቅ አይሞቅም፣ ሲያዝንም አይሰክንም። የተጨዋቹ ብስለት ይህን ጉድለት ይሸፍነዋል። ያው ማሽን ብስለት በሌለው እጅ ሲገባ ግን የሚቀረው ምሰሶው ብቻ ነው።

ከ2010ሩ ዓመታት ወዲህ እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ የመሳሰሉ የአዲስ አበባ ወጣቶች የአገር ቤት ድምፆችን ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር እያዋሐዱ ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ የተባለውን መንገድ ከፍተዋል። መንገዱ ተስፋ አለው፤ አደጋም አለው። የተቆረጠ ድምፅ ውበቱን ይዞ ይመጣል፤ የተነገረበትን ምክንያት ግን ትቶ ሊመጣ ይችላል። ይህ አደጋ ጎልቶ የሚታየው ወደ ደቡብ ቆላ ሲወረድ ነው።

በቦረና ቱላ በሚባሉት ጥልቅ ኤላዎች ወንዶች ከታች እስከ ላይ ተሰልፈው የውኃ መቅጃውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ገንዳውን ይሞላሉ። ይህን ሲያደርጉ በአፋን ኦሮሞ ይዘፍናሉ፤ ከብቱም ዘፈኑን እየሰማ በተራው ይጠጣል። የዘፈኑ ምት ባለቤት ክንድ ነው። ክንድ ሲደክም ምቱ ይረግባል፤ ተተኪ ሲገባ ይታደሳል። በኪቦርድ ላይ ተዘጋጅቶ ከተቀመጠው ምት አንዱም ይህን አያውቅም፤ ደክሞ አያውቅምና።

ይህ ዘፈን የቆመበት መሠረት ዛሬ ተነክቷል። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ በቦረና እጅግ ብዙ ከብት አልቋል። ከብት ከሌለ የሚዘፈንለት የለም። የሞተር ፓምፕ በተተከለበት ኤላ ደግሞ ሰልፉ አያስፈልግም። ፓምፑን መቃወም ግፍ ነው፤ የሰው ወገብ ከዘፈን ይበልጣል። ሆኖም ሰልፉ ሲቀር ዘፈኑ ወዴት ይሂድ የሚለው ጥያቄ መልስ ይሻል። ሳምፕለር መጠለያ ሊሆነው ይችላል፤ መቃብርም ሊሆነው ይችላል። አሥር ሰከንድ የሚይዝ ሣጥን የመቅጃውን ጩኸት ወይም የአንዱን ሰው እሆይታ ይይዛል እንጂ የክንዱን መድከምና መታደስ አይዝም። አንዲት ጩኸት ቆርጦ በዳንኪራ ምት ላይ ደጋግሞ መለጠፍ ለከተማ ጆሮ ጥሩ ሊሰማ ይችላል፤ የሚደጋገመው ሰው ግን ከወንድሞቹ ተነጥሎ ባዶ ገንዳ ላይ የሚጮኽ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መታወቅ አለበት። በነገሌም ሆነ በያቤሎ የሚገኝ መምህር ተማሪዎቹን ይዞ ዘፈኑን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳይቆርጥ፣ ዘፋኞቹን አስፈቅዶ፣ የኤላውን ስምና የቃሉን ፍቺ ጨምሮ ይቅረጽ፤ ለዚህ ዛሬ የእጅ ስልክ ይበቃል። የባህል ሥራ ኃላፊው ቅጂው በአካባቢው እንዲቀመጥና ባለቤቶቹ እንዲታወቁ ያድርግ። ሙዚቀኛው ደግሞ ከዚያ በኋላ በአሮጌውም ሆነ በአዲሱ መሣሪያ ይግባ። ሲገባ ግን አስቀድሞ የተዘጋጀውን ምት ያጥፋ፤ ምቱን ከቅጂው ውስጥ ካለው ክንድ ይማር፤ ቃናውን በዘፋኙ ጉሮሮ ይቃኝ። ሥራው ሲያልቅም ኤላው ዘንድ ወስዶ ያሰማ። ውኃ ቀድተው የሚያውቁ ሰዎች ሰምተው እጃቸው ከተንቀሳቀሰ ዜማው መርቷል። ዝም ብለው ካዳመጡ ግን የመራው መሣሪያው ነው፤ ሥራውም እንደገና ሊጀመር ይገባል።