ሁለት ምስክሮች ስለ አንድ ጦርነት

ወሬ የሚያነብ ሰው ሁሉ፣ ባያውቀውም፣ በዳኛ ወንበር ላይ የተቀመጠ ነው። የቀረበለት ጽሑፍ የምስክር ቃል ነውና፣ ምስክሩ ከወዴት ቆሞ እንዳየ፣ ከማን እንደ ሰማ፣ ማንንስ እንደሚወድ መርምሮ ሊፈርድ ይገባዋል። ብዙው አንባቢ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ይጠይቃል፤ ይኸውም ጸሐፊው ወዳጅ ነው ወይስ ጠላት የሚለውን ነው። ወዳጅ የጻፈው ሁሉ እውነት፣ ጠላት የጻፈው ሁሉ ሐሰት ይመስለዋል። ይህ ልማድ እንዴት እንደሚያስት፣ ከእርሱ የሚሻለውም መመዘኛ የቱ እንደ ሆነ ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ በ1929 ዓ.ም. በሎንዶን የታተሙትን ሁለት መጻሕፍት ጐን ለጐን ቢያነብ ይጠቀማል።

አንደኛው ሚስተር ኤቭሊን ዎ የጻፈው «ዎ በሐበሻ ምድር»፣ ሁለተኛው ሚስተር ጆርጅ ስቲር የጻፈው «ቄሣር በሐበሻ ምድር» የተባለው ነው። ሁለቱም ሰዎች በ1927 ዓ.ም. ክረምት፣ የኢጣሊያ ጦር በድንበር በተከማቸበት ጊዜ፣ የጋዜጣ ወኪል ሆነው አዲስ አበባ ገቡ። ዎ ለኢጣሊያ ያደላ ከነበረው ከ«ዴይሊ ሜይል»፣ ስቲር ከ«ታይምስ» የተላኩ ነበሩ። የሁለቱም ልብ ወዴት እንዳዘነበለ የተሰወረ አይደለም። ዎ የኢጣሊያን መግባት እንደ ሥልጣኔ መምጣት ቈጠረው። ስቲር ደግሞ ኢትዮጵያን ከመውደዱ የተነሣ፣ በኋላ ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጁን ክርስትና እስኪያነሡለት ድረስ ወዳጅነቱ ጸንቶ ነበር። እንግዲህ አድልዎ የሌለበትን ጸሐፊ ብቻ አምናለሁ የሚል አንባቢ ሁለቱንም መጻሕፍት መዝጋት አለበት፤ ሁለቱንም የዘጋ ግን ስለዚያ ጦርነት ብዙ ሳያውቅ ይቀራል።

ፍርድ እንዲቀና ከማይወደደው ምስክር መጀመር ይሻላል። የዎ መጽሐፍ ምርጡ ክፍል የጋዜጠኞችን ኑሮ የሚገልጸው ነው። ወደ ጦር ግንባር ለመሄድ ፈቃድ ያላገኙ ብዙ የውጭ አገር ጋዜጠኞች በአዲስ አበባ ሆቴሎች ተቀምጠው፣ ከየአገራቸው በቴሌግራም ወሬ ላኩ እየተባሉ ሲጨነቁ፣ በሰሚ ሰሚ የለቀሙትንም እንደ ዐይን ምስክርነት አድርገው ሲልኩ፣ በሚያስቅ ብዕር ያሳያል። የኢጣሊያ አውሮፕላኖች መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ዓድዋን በደበደቡ ጊዜ፣ አንዲት አሜሪካዊት አስታማሚ በሆስፒታል ሳለች ተገደለች የሚል ወሬ ተነሣ። የጋዜጦቹም አለቆች ስሟንና ፎቶግራፏን፣ የሕይወቷንም ታሪክ ፈጥናችሁ ላኩ አሉ። ዎ እንደሚተርከው፣ ነገሩ ቢጠየቅ ቢመረመር እንዲህ ያለች አስታማሚ አልተገኘችም። በዚህ ነገር ዎ ልክ ነበረ፤ የኢትዮጵያ ወዳጆችም ይህን ከእርሱ ሊቀበሉት ይገባል።

ነገር ግን የዚያች ሐሰት ጕዳት በዓድዋ አላበቃም። ኅዳር 26 ቀን ደሴ ስትደበደብ በዚያ የነበረው የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል በእውነት ተመታ። ታኅሣሥ 20 ቀን ደግሞ በመልካ ዲዳ የሰፈረው የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በቦምብ ተደበደበ፤ ተኝተው የነበሩ ቍስለኞችም አለቁ። የፊተኛው ወሬ ሐሰት መሆኑን የሰማ ሰው፣ የኋለኛውንም «ያው እንደ ዓድዋዋ አስታማሚ ይሆናል» ብሎ ለመናቅ ምክንያት አገኘ። ለተበደለ ወገን ተብሎ የተፈጠረ ወሬ ከጠላት ወሬ ይልቅ የተበደለውን ይጐዳዋል፤ እውነተኛው ጩኸት በሚነሣበት ቀን ሰሚ ያሳጣዋልና።

ዎ በቅርብ ያየውን ሲጽፍ የሚታመን ከሆነ፣ ያላየውን ሲጽፍስ እንዴት ነው? የመጽሐፉ ድካም የሚገለጠው በዚህ ነው። የኢጣሊያ ጦር በሰሜን ግንባር የመርዝ ጢስ ማፍሰስ የጀመረው በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በተከዜ አካባቢ ነው። ዎ ግን የፈረንጆች ገና ሳይደርስ ከአገር ወጥቶ ነበር። በነሐሴ ወር ተመልሶ በመጣ ጊዜም የመጣው ድል አድራጊዎቹ ወደ ያዙት አገር፣ እነርሱ በፈቀዱለት መጠን ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ የመርዙን ነገር አቃልሎ አለፈው፤ መጽሐፉንም የኢጣሊያኖችን የመንገድ ሥራ በማወደስ ፈጸመው። መንገዱን ማየቱ እውነት ነው። መንገድ ያየ ሰው ግን መንገዱ ከመሠራቱ በፊት በዚያ ምድር የሆነውን አየሁ ሊል አይችልም። የብዕሩ ውበት አንባቢን የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው፤ ያየውንና ያላየውን በአንድ ዐይነት ድፍረትና በአንድ ዐይነት ጣዕም ይጽፈዋልና፣ የሁለቱ ድንበር አይታወቅም።

ስቲር በበኩሉ ከተማዪቱ እስክትያዝ ድረስ ቆየ፤ በግንቦት 1928 ዓ.ም. ከአገር ያስወጡት ኢጣሊያኖች ናቸው። መጽሐፉ ነቀፌታ የሌለበት አይደለም። በቍጣ ተጽፏል፤ የሚወዳቸውን ሰዎች ሲያነሣ ብዕሩ ይሞቃል፤ መጋቢት 22 ቀን በማይጨው ስላልነበረም የዚያን ቀን ውጊያ የሚተርከው ከሌሎች ሰምቶ ነው። ሆኖም አንድ ታላቅ ነገር አለው፤ የሚወደውን ወገን የሚያሳፍረውን አይሰውርም። የጦሩን የመሣሪያ ጕድለትና የአዛዦቹን አለመተባበር ይናገራል። ይልቁንም ንጉሠ ነገሥቱ ከወጡ በኋላ አዲስ አበባ በገዛ ሰዎቿ ስትዘረፍና ስትቃጠል በዐይኑ ያየውን በዝርዝር ጽፎታል። ይህ ለኢጣሊያ ወገን የሚጠቅም እውነት ነበር። ለሚቃወመው ወገን የሚጠቅመውን እውነት ያልደበቀ ሰው፣ ያንኑ ወገን ሲከስስ ሊደመጥ ይገባዋል። ምስክር የሚፈተነው የሚወደውን በሚያሳዝን ነገር ላይ ነው።

የኦሪት ሕግ ግን ነገር በአንድ ምስክር ብቻ እንዳይጸና አዝዟል፤ ስለ መርዙም የስቲር ቃል ብቻውን አልቆመም። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ልዑክ የነበረው ስዊሳዊው ሐኪም ማርሴል ዡኖ፣ በቆረም መርዝ ያቃጠላቸው ሰዎች «አቤት፣ አቤት» እያሉ ሲያቃስቱ መስማቱን በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ መስክሯል። ጋዜጠኛውና ሐኪሙ የቆሙበት ስፍራም የተላኩበት ሥራም ልዩ ልዩ ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች ሳይማከሩ በአንድ ነገር ሲገናኙ፣ የአንዱ አድልዎ ነገሩን እንዳልፈጠረው ይታወቃል።

ስቲር በዓመቱ ይኸው ዕጣ በሌላ አገር ገጠመው። ሚያዝያ 18 ቀን 1929 ዓ.ም. የጀርመን አውሮፕላኖች በስፓኝ የባስክ ከተማ የሆነችውን ጌርኒካን ሲያቃጥሉ፣ በዚያው ሌሊት ወደ ከተማዪቱ ደርሶ እሳቱን አየ፤ ከቃጠሎው ያመለጡትን ጠየቀ፤ የጀርመን ንስር ምልክት የታተመበትንም የቦምብ ቀፎ አገኘ። የጄኔራል ፍራንኮ ወገን ከተማዪቱን ያቃጠሏት ባስኮች ራሳቸው ናቸው ብሎ መለሰ። የጀርመን ፕሬዚዳንት ሮማን ሄርዞግ የአገራቸውን በደል ያመኑት በ1989 ዓ.ም. ነው። የስቲር ወሬ ስድሳ ዓመት የጸናው፣ ያየውን፣ የጠየቀውንና በእጁ የያዘውን ነገር ለያይቶ ስላስቀመጠ ነው።

«በስፍራው ነበርሁ» የሚለውም ቃል ብቻውን እንደማይበቃ የሚያስረዳ ሦስተኛ ሰው አለ። ኢጣሊያዊው ኢንድሮ ሞንታኔሊ በዚያው ጦርነት መኰንን ሆኖ በኢትዮጵያ ዘመተ፤ ኋላም በአገሩ እጅግ የተከበረ ጋዜጠኛ ሆነ። የታሪክ ጸሐፊው አንጀሎ ዴል ቦካ ስለ መርዙ በጻፈ ቍጥር፣ ሞንታኔሊ በዚያ ነበርሁ፣ መርዝም አላየሁም እያለ ብዙ ዘመን ተከራከረው። አላየሁም ማለቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ስሕተቱ «አላየሁም» የሚለውን «አልሆነም» ወደሚል ማሻገሩ ነው። በ1988 ዓ.ም. የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር የመርዙን ነገር በአደባባይ ባመነ ጊዜ፣ ሞንታኔሊም መሳሳቱን በጽሑፍ ተናዘዘ። ስለ ስሕተቱ ይወቀስ፤ ስለ ኑዛዜው ግን ይመስገን። በገዛ ብዕሩ የተሳሳተውን በገዛ ብዕሩ የሚያርም ጸሐፊ፣ ከቶ አልተሳሳትሁም ከሚለው ይልቅ ለቀጣዩ ወሬው እምነት ይገባዋል።

እንግዲህ ከእነዚህ ሰዎች የሚገኘው መመዘኛ ይህ ነው፦ ጸሐፊው ያየውንና የሰማውን ይለያልን? የሚወደውን ወገን የሚጐዳውን እውነት አንድ ጊዜ እንኳ ተናግሯልን? ሌላ ስፍራ የቆመ፣ ከእርሱ ጋር ያልተማከረ ሰው ይመሰክርለታልን? ሲሳሳትስ ያርማልን? ለእነዚህ መልስ የሌለው ወሬ የወዳጅ ቢሆንም ይቆይ፤ መልስ ያለው የጠላት ቢሆንም ይሰማ። ዛሬ ወሬ የሚደርሰው በእጅ ስልክ፣ በደቂቃ ውስጥ ነው፤ የዓድዋዋን አስታማሚ የመሰሉ ወሬዎችም ስምና ፎቶግራፍ ተበጅቶላቸው ይመጣሉ። መጠየቁ ግን ያው ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የተከዜው መርዝ ግን በኢጣሊያ መንግሥት አንደበት እስኪጠራ ድረስ ስድሳ ዓመት አደረ። በቆረም «አቤት» ይሉ የነበሩት ሰዎች ያን ንጋት አላዩትም። ወሬውን በሰሙበት ቀን ምስክሮቹን መዝነው ትክክለኛውን ያመኑ አንባቢዎች ቍጥራቸው በዝቶ ቢሆን ኖሮ፣ ጩኸቱ ሰው በሕይወት ሳለ ሰሚ ባገኘ ነበር።