የተማረ ድምፅና የአማርኛ የሙዚቃ ቴአትር

ድምፁን በትምህርት ያሠለጠነ ኢትዮጵያዊ በመድረክ ላይ ሲቆም ምን ያዜማል? ጥያቄው ቀላል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ቀረብ ብለው ሲመረምሩት መልሱ ያስቸግራል። የጣልያንን ወይም የጀርመንን ኦፔራ ቢያዜም ድምፁ ይደነቅለታል እንጂ ቃሉ ከአድማጩ ልብ አይደርስም። የሠርግና የምሽት ዘፈን ቢዘፍን ሕዝቡ ይወድለታል፤ ዳሩ ግን ብዙ ዓመት የደከመበት ትምህርት ሳይፈተን ይቀራል። በሁለቱ መካከል ያለው ስፍራ፣ ይኸውም ታሪክ በዜማ የሚነገርበትና የተማረ ድምፅ ሙሉ ኃይሉን የሚያሳይበት የሙዚቃ ቴአትር፣ በእኛ ዘንድ ገና ጠባብ መንገድ ነው። በዚህ ጽሑፋችን መንገዱ ስለ ምን እንደ ጠበበና በየት በኩል ሊሰፋ እንደሚችል ለመመልከት እንወዳለን።

በአሜሪካ ይህ መካከለኛ ስፍራ ሰፊ ሆኗል። ኤዚዮ ፒንዛ የተባለው ጣልያናዊ ባለ ወፍራም ድምፅ በኒውዮርክ ታላቁ ኦፔራ ቤት ከሀያ ዓመት በላይ ካዜመ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1949 «ሳውዝ ፓሲፊክ» በተባለው የብሮድዌይ ቴአትር መሪ ተዋናይ ሆነ፤ ደራሲዎቹም ለእርሱ ድምፅ የሚስማማ ዜማ ሰጡት። ከዚያ ወዲህም እ.ኤ.አ. በ2005 በብሮድዌይ የታየው የአዳም ጌትል «ዘ ላይት ኢን ዘ ፒያሳ» ለተማረ ድምፅ የተጻፈ ሥራ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ የፍሎረንስ ሰዎች በገዛ ጣልያንኛቸው ሲያዜሙ ትርጉም አይሰጥላቸውም፤ ቢሆንም እንግሊዝኛ ተናጋሪው ተመልካች ከዜማው ስሜታቸውን ይከተላል።

ይህን አይተን እነዚህን ሥራዎች ወደ አማርኛ መልሰን እናዚማቸው የሚል ሐሳብ ይመጣ ይሆናል። እኛ ግን አንስማማም። እ.ኤ.አ. በ1984 ሌናርድ በርንስታይን «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» የተባለውን ድርሰቱን በታላላቅ የኦፔራ ድምፆች ሲያስቀርጽ፣ የኒውዮርኩን ወጣት የቶኒን ክፍል ለስፔናዊው ለሆሴ ካሬራስ ሰጠው። ካሬራስ በዘመኑ ከታወቁት ድምፆች አንዱ ነበረ። ነገር ግን እንግሊዝኛው የስፔን ቃና ስለ ነበረው ብዙ ሐያስያን ቅሬታቸውን ገለጹ፤ የኒውዮርክ መንገድ ልጅ የሚለው ነገር ከጆሮ ጠፋ። ድምፁ ቋንቋውን ካላከበረ ውበቱ ራሱ እንቅፋት ይሆናል።

የአማርኛ ነገር ደግሞ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቋንቋችን በማጥበቅና በማላላት ትርጉም ይለውጣል። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። «ዋና» ቢላላ የባሕር ነው፤ ቢጠብቅ የበላይ ነው። «አለ» ላልቶ ሲነገር ተናገረ፣ ጠብቆ ሲነገር ኖረ ይሆናል። ለሌላ ቋንቋ የተሠራ ዜማ በላላው ፊደል ላይ ሲዘገይና በጠበቀው ላይ ሲሮጥ፣ ተዋናዩ በኀዘን ሰዓት ሳያስበው ሕዝቡን ያስቃል። ሌላም ችግር አለ። ከፍ ያለውና ረጅሙ ድምፅ አፍ የሚከፍት አናባቢ ይፈልጋል፤ ጣልያንኛ ቃሎቹን አብዛኛውን ጊዜ በእንዲህ ያለ አናባቢ ስለሚጨርስ ለዘማሪ ይመቻል። የእኛ ቃሎች ግን «ፍቅር»፣ «ልብ»፣ «ቤት» እያሉ በሳድስ ይዘጋሉ። በዚህ መዝጊያ ላይ አንድ ሶፕራኖ የሳንባዋን ሁሉ አየር ብታፈስስ ምን ይወጣል? (የዘፈን ግጥም ገጣሚዎቻችን «ልቤ»፣ «ሆዴ»፣ «ዓይኔ» ማብዛታቸው ከፍቅር ብቻ አይመስለንም፤ ከጉሮሮም ነው።)

እንግዲህ ለአማርኛ የሚጻፍ የመድረክ ዜማ ከአማርኛ መነሣት አለበት። ይህን ከብዙዎች አስቀድሞ ያየው ዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ጎጃም ውስጥ በደብረ ኤልያስ በቅኔ የተቀረጸው ይህ ሰው ከጣሊያን ወረራ በፊት ለአዲስ አበባ መድረክ ተውኔት ሲጽፍ መዝሙርንና ግጥምን ከንግግሩ ጋር አዋሐደ። በ1916 ዓ.ም. ከአርባዎቹ የአርመን ልጆች ጋር የመጣው የሙዚቃ መምህር ኬቮርክ ናልባንዲያንም አብሮት ሠርቷል፤ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ግጥሙ የዮፍታሔ፣ ዜማው የኬቮርክ ነበረ። በኋላም በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ኔርሴስ ናልባንዲያን የሀገራችንን ዜማ ለኦርኬስትራና ለብዙ ድምፅ ኅብረ ዝማሬ በማቀናበር ለረጅም ዘመን ደከመ።

የእነዚህን ሰዎች ድካም እናከብራለን። ቢሆንም ከእነርሱ በኋላ በቴአትር ቤቶቻችን የተለመደው አሠራር ሌላ ነው። ዘፈኑ አብዛኛውን ጊዜ የተውኔቱ ጌጥ እንጂ አጥንቱ አይደለም። ተዋንያኑ ይናገራሉ፤ ነገሩ በከረረ ጊዜ ታሪኩ ቆሞ ዘፈን ይገባል፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ሰዎቹ ቀድሞ በነበሩበት ቦታ ይገኛሉ። እውነተኛ የሙዚቃ ቴአትር ግን በዜማው መጀመሪያና መጨረሻ መካከል ሰውዬውን ይለውጠዋል፤ ሲጀምር ያመነታ የነበረው ሲጨርስ ቆርጦ ይነሣል። የተማረ ድምፅ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ያን ለውጥ በትንፋሽ አያያዝ፣ በማሳነስና በማጉላት ለማሳየት።

ሙላቱ አስታጥቄ በቅዱስ ያሬድ ስም የጀመረውና ከፊሉ እ.ኤ.አ. በ2008 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የቀረበው ኦፔራ ትክክለኛውን ምንጭ ያመለከተ ሥራ ነው። የእኛ የተማረ ድምፅ ከአውሮፓ ትምህርት ቤት ብቻ የሚመጣ አይደለምና። ድጓውን፣ ዝማሬ መዋሥዕቱንና አቋቋሙን ለመጨረስ ዕድሜውን የሚሰጥ የዜማ ቤት ተማሪ በየትኛውም ሚዛን የሠለጠነ ዘማሪ ነው። ድፋትን፣ ሂደትን፣ ቅናትን፣ ይዘትን፣ ቁርጥን፣ ጭረትን፣ ርክርክንና ደረትን ያውቃል፤ ሳድሱን ፊደል እንኳ የራሱን ዕድሜ ሰጥቶ ማዜም ይችልበታል። ለባዕድ ዜማ ችግር የሆነው ነገር ለእርሱ ዕለታዊ ሥራው ነው። እርግጥ ነው፣ የቅዳሴን ዜማ ወደ ዓለማዊ መድረክ ማውጣት አማኙን ያስቀይማል፤ ቅሬታውም ተገቢ ነው። እኛ የምንለው ቅዱሱ ቃል ይወሰድ ሳይሆን፣ ፊደልን ከድምፅ ጋር የማስማማቱ ጥበብ ይጠና ነው። ዮፍታሔም ወደ መድረክ ያመጣው የቅኔ ቤቱን የቃል ጥበብ ነበረ።

ምንጩ ግን በቤተ ክርስቲያን ብቻ አይወሰንም። ጆርጅ ገርሽዊን «ፖርጊ ኤንድ ቤስ» የተባለውን ሥራ ለመጻፍ እ.ኤ.አ. በ1934 ወደ ደቡብ ካሮላይና ወርዶ በባሕር ዳርቻ ከሚኖሩት ጥቁሮች ዘንድ ዝማሬያቸውን አዳመጠ። በ1935 ሥራው ሲታይ መሪዎቹን ክፍሎች የያዙት የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲው መምህር ቶድ ደንከንና በጁሊያርድ የተማረችው አን ብራውን ነበሩ፤ በዚያን ዘመን ታላላቆቹ የኦፔራ በሮች ለጥቁር ዘማሪ ዝግ ስለ ነበሩ ሥራው ለእነርሱ ትልቅ ዕድል ሆነ። ይሁን እንጂ ድህነታችንን ለትዕይንት አቀረበው ብለው የወቀሱት ጥቁሮች ብዙዎች ናቸው፤ ወቀሳውም እስከ ዛሬ አልቆመም።

ይህን ትምህርትና ይህን ወቀሳ ይዘን በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ወደሚገኘው ወደ ዘነበወርቅ ብንሄድስ? ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው፤ በ1958 ዓ.ም. አለርት የተቋቋመውም በዚሁ ሥፍራ ነው። ሕክምና ፍለጋ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ሰዎች በአካባቢው ስለ ሰፈሩ የብዙ አገር አነጋገርና የብዙ አገር ዜማ በአንድ መንደር ተገናኘ። የዚህ ሰፈር ስም ሲነሣ ላሊበላዎች፣ በሌላ ስማቸው ሐሚናዎች፣ ትዝ ይሉናል። ጎህ ሳይቀድ በየደጁ እያዜሙ ይለምናሉ፤ ለሰጠ ይመርቃሉ፤ የከለከለውን በቃላቸው ይወጋሉ። ይህን ልማድ የተወ የወገናቸው ሰው በሥጋ ደዌ ይያዛል የሚል እምነትም ከጥንት ጀምሮ ይነገራል። ባልና ሚስት ሆነው ሲያዜሙ ሴቲቱ ቃል የሌለውን አንድ ዜማ እየመላለሰች ትይዛለች፤ ወንዱ በእርሷ ላይ ቆሞ ቃሉን እዚያው ይፈጥራል። ለሁለት የተማረ ድምፅ ከዚህ የተሻለ መነሻ ከወዴት ይገኛል? እርሷ በቃል ሳትረዳ ፍርሃቷንና ቁጣዋን በአንዲት ሐረግ ልታሳይ ነው፤ እርሱ የአማርኛን ጥብቅና ላላ ሳያፈርስ በየበሩ አዲስ ግጥም ሊያፈስስ ነው።

አደጋው የገርሽዊን አደጋ ነው። የዘነበወርቅን ሰው ቁስሉን ለተመልካች እንዲያሳይ ብናደርገው በደልን በበደል ላይ እንጨምራለን። ስለዚህ የተውኔቱ ነገር በሽታው ሳይሆን እምነቱ መሆን አለበት። አንድ ወጣት ላሊበላ ሥጋ ደዌ ከዘር እንደማይወረድ፣ ከዓይን ከማትታይ ተህዋስ እንደሚመጣና ዛሬ በመድኃኒት ፈጽሞ እንደሚድን ከሐኪም አፍ ይሰማል እንበል። ሌሊቱን እንቅልፍ አይወስደውም። ዶሮ ሲጮኽ ሚስቱ ተነሥታ ነጠላዋን ትከናነባለች፤ ከደጅ ቆማም ቃል የሌለውን ዜማዋን ትጀምራለች። አንድ ጊዜ ትመልሰዋለች፤ ሁለተኛ ትመልሰዋለች። ባልዋ ገና አልተቀበላትም። ለዚህ ዝምታና ከዝምታው በኋላ ለሚወጣው ድምፅ ዜማ የሚጽፍ ሰው እንፈልጋለን።