ሮቤና የልብ ወለዱ መንደር

የአማርኛ ልብ ወለድ ገጠርን ሲያነሣ አንባቢ መንደሩን ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል። ከኮረብታው ላይ ደብር፣ ከደብሩ ግርጌ የተጠጋጉ ጎጆዎች፣ ከፍ ብሎ የጌታው አዳራሽ፣ ዝቅ ብሎ ወንዝ፣ በመካከሉም የማይታክት የርስት ተሟጋች አለ። ይህ ሥዕል ሐሰት አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከጎጃሟ ማንኩሳ ሲነሣ፣ ቦጋለ መብራቱንና ውድነሽ በጣሙን ከዚያ አፈር ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል እንደማይቻል ገና ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ይታወቃል። በ1962 ዓ.ም. የወጣው የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ደግሞ የሰሜን ሸዋን ዳገትና ቁልቁለት ከሰዉ አነጋገር ጋር አዋሕዶ ይዟል። ሁለቱም ደራስያን የጻፉት የሚያውቁትን አገር ነው። እንከኑ የተፈጠረው ከእነርሱ በኋላ፣ የአንዱ አካባቢ መንደር የመላው አገር ገጠር አብነት ተደርጎ ቅጂው ቅጂ እየወለደ ሲሄድ ነው።

ያንን ቅጂ ወስዶ በአርሲዋ ሮቤ ላይ ለመዘርጋት የሚሞክር ደራሲ ነገሩ አልገጥም ይለዋል። (የአርሲዋ መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ባሌ ውስጥ የምትበልጣት ሌላ ሮቤ አለች።) «ሮቢ» በኦሮምኛ ረቡዕ ነው፤ ስሟም ሲጠራ እንደ ሰሜኑ ሮቢትና ሐሙሲት የገበያ ቀን ያሰማል። ለአሰላ ሰው ሮቤ ከተራራ ጀርባ ናት። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ጭላሎ፣ ባዳና ካካ በመካከል ቆመው ውኃውን ሳይቀር ይከፍሉታል፤ በአሰላ በኩል የሚወርደው በከተር ወንዝ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ሲገባ፣ የሮቤው ወገን ዋቤ ሸበሌን ተቀላቅሎ ወደ ኦጋዴን ይጓዛል። ከተማዋ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው፤ በክረምት ውኃ ቋጥሮ ሰብል ያፍናል፣ የሰውና የከብት እግር ይይዛል። በእንዲህ ያለ አገር የሚኖር ገበሬ ምሬቱም፣ ቀልዱም፣ ምርቃቱም ከዚያው ጭቃ የሚቀዳ ነው። መልክዓ ምድርን በምዕራፍ መግቢያ ላይ እንደ መጋረጃ ሰቅሎ የሚረሳ ደራሲ ይህን አያገኘውም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ግን «መንደር» የሚለው ቃል ራሱ ነው። የአርሲ ሕዝብ ከከብቱ ጋር የኖረ ሕዝብ ነው፤ ቤቱም እንደ ደብር ግርጌ ጎጆ ተጠጋግቶ ሳይሆን በየማሳውና በየግጦሹ ተበትኖ ይሠራ ነበር። ጎረቤት የሚታወቀው በግድግዳ ሳይሆን በሚታየው ጭስ ነው። ሰዉን የሚያስተሳስረው ጎሣው፣ የጋራ ግጦሹና የገበያው ቀን ነው። በገመድ በተለካ መሥመር የተደረደሩ ቤቶች በአርሲ ምድር በብዛት የታዩት በ1978 ዓ.ም. በመንደር ምሥረታው ዘመቻ ነው። ትምህርት ቤትንና ክሊኒክን ወደ ገበሬው ለማቅረብ በሚል ዓላማ ገበሬው የቤቱን ጣሪያ አውርዶ ተሸክሞ ሄደ። በ1982 ዓ.ም. ፖሊሲው ሲለወጥም ብዙው ወደ ቀድሞ ማሳው ተመለሰ። የዘመቻ ሪፖርት የቤቶቹን ቁጥር ይነግራል። ከብቱ ከበረቱ የራቀበትን ሌሊት፣ የጎረቤት ሳል በግድግዳ መሰማት የጀመረበትን ሳምንት የሚነግረው ግን ልብ ወለድ ነው፤ እርሱም ይህን ዕዳውን ገና አልከፈለም።

ከዚያ በፊት የነበረውም ታሪክ ቢሆን በቁጥር እንጂ በሰው አልተጻፈም። በ1950ዎቹ ማብቂያ በስዊድን ርዳታ አሰላ ላይ የተቋቋመው ካዱ፣ የጭላሎን አውራጃ ገብስና ስንዴ፣ ላምና ማዳበሪያ በዝርዝር አጥንቶ አሳትሟል። ምርት ሲያድግ የመሬት ዋጋም አደገ፤ ባለመሬቱ ትራክተር ሲያስገባ ጢሰኛው ተፈናቀለ። የተራበን ለማጥገብ የመጣው እርሻ የአራሹን እግር ሲነቅል ከማየት የበለጠ ምን የድራማ ግጭት ይገኛል? የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ የገጠር መሬት ዐዋጅ ባለርስትነትን ሲሽር ያ ምዕራፍ ተዘጋ። ካዱ ከጭላሎ አውራጃ አልፎ፣ አርዱ ተብሎ መላውን አርሲ የያዘው ደግሞ በ1968 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከተራራው ወዲያ ያለችው ሮቤ በነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ጥናቶች ውስጥ እንኳ ድርሻ አልነበራትም።

ትንሽ የተራራ መንደር ለታላቅ ጽሑፍ አይበቃም የሚል ቢኖር ወደ ስዊዘርላንድ መመልከት ይችላል። በቫሌ ተራሮች መካከል ያለችው ተርብል፣ ማንም ሰው በክረምት ሊቀልባቸው ከሚችላቸው ላሞች በላይ ወደ ጋራው ግጦሽ እንዳያወጣ እ.ኤ.አ. በ1517 በጽሑፍ ደንግጋለች፤ አሜሪካዊው ሮበርት ኔቲንግም እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ መንደር ለዓለም አስተዋውቋል። ደራሲው ራሙ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1714 እረኞችን ከነግጦሻቸው የቀበረውን የተራራ ናዳ ይዞ «ደርቦራንስ» የተባለውን ልብ ወለድ በ1934 አወጣ። በዚያ መጽሐፍ ተራራው ጌጥ ሳይሆን ባለታሪክ ነው። የአርሲ የግጦሽ ሕግ በብራና አልተጻፈም፤ በሽማግሌዎች ቃል ኖረ። ሽማግሌው ሲያልፍ ሕጉም አብሮት ይሄዳልና የሮቤ ጉዳይ ከተርብል ይልቅ ያስቸኩላል።

ከአብዮቱ በኋላ በየቀበሌው የተስፋፉት የኪነት ቡድኖች ገበሬውን ወደ መድረክ ማውጣታቸው የሚመሰገን ነው። ይሁንና ያወጡት ገበሬ አንድ ዓይነት ነበር፤ በአንድ እጁ ዶማ፣ በሌላው ጡጫ። አርሲነቱ የሚታወቀው በአማርኛው መሰባበር ብቻ ነበር፤ ያም ለሣቅ። ይህ የቋንቋ ጉዳይ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። በኦሮምኛ የሚያስብን፣ በኦሮምኛ የሚሟገትን፣ በኦሮምኛ የሚመርቅን ሰው በባዕድ ቃል ሲደናቀፍ ብቻ የሚያሳይ ተውኔት ሰውየውን አላሳየም። ጸሐፊው በአማርኛ ይጻፍ፤ ነገር ግን የንግግሩን ክብርና የአነጋገሩን ርጋታ ሙሉ አድርጎ ያምጣው።

መድረክ ለሚፈልግ ሰው ሲንቄ አለች። ሲንቄ አንዲት የአርሲ ሴት በጋብቻዋ ቀን ከእናቷ የምትቀበላት ቀጭን፣ ቀጥ ያለች በትር ናት። ከሴቶቹ አንዷ ስትበደል ባለሲንቄዎቹ ሥራቸውን ጥለው፣ በትራቸውን ይዘው፣ እልል እያሉ ወደ በዳዩ ደጅ ይወጣሉ፤ ሽማግሌዎች መጥተው በዳዩ ሳይክስ አይመለሱም። ጠብ ላይ ያሉ ወንዶችም ሲንቄ በመካከላቸው ከቆመች አልፈዋት አይመታቱም። ዝምታው፣ እልልታው፣ የበዳዩ በር፣ የሽማግሌው አመጣጥ ሁሉ የተውኔት ቅርፅ አላቸው። በሮቤ ያሉ መምህራን ይህን ከእናቶች አንደበት፣ በራሳቸው ቋንቋ፣ ከነሥርዓቱ እየመዘገቡ ቢያኖሩ ተውኔት ጸሐፊው ከባዶ ወረቀት አይነሣም።