«የተመን ሉህ» እና «የቀጥታ ዋጋ»፦ በሁለት ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

በኮምፒዩተር መገልገያዎች የአማርኛ ትርጉም ስፕሬድሺት «የተመን ሉህ» ተብሎ ይገኛል። ስያሜው ከቢሮ ሳይወጣ ጉድለቱ ብዙም አይታይም፤ ቡና ገበያ ሲደርስ ግን ይገለጣል።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በ2001 ዓ.ም. ቡናን ካስገባ ወዲህ፣ የአዲስ አበባው ዋጋ በኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳና በድረ ገጽ ርቆ ላለው ሻጭ ሊደርስ ችሏል። በሚዛን ተፈሪ ወይም በቴፒ ጀንፈል ቡና ይዞ የሚጠብቅ ሻጭ የሚፈልገው አንድ ቁጥር ነው፤ የፈረሱላ፣ ማለት የ17 ኪሎ ዋጋ። ቁጥሩ ይወጣል ይወርዳል፤ «ተመን» ግን የተቆረጠ ዋጋ ነው። በደርግ ዘመን መንግሥት ከገበሬው እህል የሚረከብበት ቁርጥ ዋጋ ተመን ይባል እንደ ነበር የሚያስታውስ አንባቢ፣ በዚህ አርእስት ሥር ያየውን ዋጋ «የማይነካ ነው» ብሎ ቡናውን ቢያስረክብ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። ተርጓሚው «ተመነ» ማለት ገመተ፣ ዋጋ ሰጠ ነው ብሎ ይከራከር ይሆናል። ልክ ነው፤ ዳሩ ግን ስያሜ የሚዳኘው በሥሩ ብቻ ሳይሆን ገበያ በሰጠው ፍችም ነው። ደግሞስ የተማሪዎች ስም የሰፈረበት ሉህ ምን ተመን አለው?

«የቀጥታ» የተወሰደው ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ነው። በስርጭት ድምፁ በዚያው ቅጽበት ስለሚተላለፍ ቃሉ ይስማማል። በድረ ገጽ የሚሆነው ሌላ ነው። አንድ ሰው ቁጥሩን በሉሁ ላይ ይመዘግባል፤ በጃቫስክሪፕት የተጻፈው ትእዛዝ በየተወሰነ ጊዜ ሉሁን እየጠየቀ የገጹን አሮጌ ቁጥር በአዲስ ይተካል። መዝጋቢው ቢዘገይ ወይም መስመሩ ቢቋረጥ፣ ገጹ የትናንቱን ዋጋ ይዞ «የቀጥታ» እንደ ተባለ ይቀመጣል።

ይህ ጸሐፊ «የስሌት ሰንጠረዥ» የሚለውን ይመርጣል። ሰንጠረዥ አስቀድሞ የጨዋታ ስም ነው፤ ጠጠሩ ከቤት ወደ ቤት ይዘዋወርበታል። ለስፕሬድሺት አራት ማዕዘኖችም «ቤት» ከሚለው የተሻለ ስም አላገኘሁም። «ሰንጠረዥ» የታተመውንም ዝርዝር ያጠቃልላል የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ «የስሌት» የሚለው ቅጽል የሚያስፈልገው ለዚሁ ነው። በ«የቀጥታ ዋጋ» ፈንታ «የሚታደስ ዋጋ» ቢባል ይበጃል፤ «ታዳሽ» እንዳይባል ቃሉን የኃይል ምንጭ ቀድሞ ይዞታል።

ዋጋው የታደሰበት ሰዓትም ከአጠገቡ ይጻፍ። ይህም ተርጓሚን የሚመለከት ነው፤ ጃቫስክሪፕት ሰዓትን ከእኩለ ሌሊት ስለሚቆጥር 14፡00 ብሎ ያወጣዋል፤ ለቴፒው ሻጭ ግን «ከቀኑ 8 ሰዓት» ተብሎ መቅረብ አለበት።