የ1957ቷ ቤልኤር

እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣችው ሸቭሮሌ ቤልኤር ቆማ እንኳ የምትሮጥ ትመስላለች። ከኋላዋ ሽቅብ የሾሉት ሁለት ክንፎች፣ ከፊቷ የሚያብረቀርቀው ፓራውልት፣ ባለ ሁለት ቀለሙ አካሏ ዓይን ይይዛሉ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚማርከኝ ግን የተሰወረው ነገር ነው። ዙሪያዋን ቢዞሯት የነዳጅ መቅጃዋ አይታይም፤ በግራ ክንፏ ጌጥ ሥር ተሸሽጓል። ጌጡ እንደ ትንሽ በር ሲከፈት ብቻ ብቅ ይላል።

ውበቷ ባዶ አይደለም። ከኮፈኗ ሥር ከሚገጠሙት ሞተሮች አንዱ 4.6 ሊትር ባለ ስምንት ሲሊንደር ነበር፤ በካርቡሬተር ፈንታ ነዳጅ የሚረጭለት ዓይነት እስከ 283 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል።

ደግሞም የቅንጡዎች መኪና አልነበረችም። ሸቭሮሌ በጄኔራል ሞተርስ ቤት ውስጥ ዋጋው ለብዙኃኑ የሚቀርበው ስም ነበር። ክብሯም እዚህ ላይ ነው፦ ጠዋት ሥራ ለሚገባ ሰው ይህን ያህል ተጨንቀው ሠሩለት።

ዛሬም ሃቫና ውስጥ የዘመን እኩዮቿ ታክሲ ሆነው ይሠራሉ። የአሜሪካ ማዕቀብ መለዋወጫ ቢያሳጣቸው፣ የኩባ መካኒኮች ከሌላ መኪና ሞተር እያመጡ፣ የጠፋውን ዕቃ በእጃቸው እየቀረጹ አቆይተዋቸዋል። በፍቅር የተሠራን ነገር በፍቅር የሚጠግነው አያጣም።