ቁልቋል በር ላይ የቀሩት

ከወረታ ተነስቶ የፎገራን ሜዳ እያቋረጠ ወደ ጎንደር የሚያቀና መንገደኛ አዲስ ዘመንን ሲያልፍ ቁልቋል በርን ያገኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ የጣሊያን ምሽግ እዚህ ተሰበረ። በስድስተኛው ቀን ጄኔራል ናሲ ጎንደርን አስረከበ።

ስለ ጎንደር አርበኞች ገሪማ ታፈረ የጻፉት መጽሐፍ በ1949 ዓ.ም. ሲታተም «ጎንደሬ በጋሻው» ተባለ። ርዕሱ ጋሻውን ለባለቤቱ መስጠቱ ተገቢ ነው። ቁልቋል በርን የወጋው ግን አርበኛው ብቻ አልነበረም። እንግሊዝ ከምሥራቅ አፍሪካ ቅኝ ግዛቶቿ መልምላ «ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ» ያለቻቸው ወታደሮች አብረውት ወጥተዋል። ምሽጉ ውስጥም ከነጮቹ ጎን አስካሪዎች ነበሩ። ሁለቱም ወገን ጥቁር፣ ሁለቱንም ያሰለፋቸው የሰው አገር ንጉሥ!

የአርበኝነት ጽሑፋችን አርበኛና ባንዳ የሚል ሚዛን ለምዷል። ቅኝ ተገዢው ወታደር ከየትኛው ይመደብ? «ባንዳ» ብሎ መገላገል ይቀላል፤ ለምን እንደተሰለፈ ግን አይነግረንም። አባ ገብረየሱስ ኃይሉ በ1927 እ.ኤ.አ. በትግርኛ ጽፈው በ1950 ያሳተሙት ልቦለድ ከዚህ ጥያቄ አልሸሸም። ለጣሊያን ሊዋጋ ሊቢያ የዘመተውን ኤርትራዊ ምልምል እስከ በረሃው ጥምና እስከ ጸጸቱ ድረስ ተከትሎታል።

ይህን ማለት አስካሪውን ነጻ ማውጣት አይደለም፤ የገደለው የእኛን ሰው ነውና ዕዳው አይሰረዝም። ነገር ግን ስሙ ያልተጠራ ሰው በወጉ አይወቀስም፤ አይመሰገንምም። ለመጪው ደራሲ የቀረው ሥራ ከጎንደሬው ጋሻውን መንጠቅ ሳይሆን በጎኑና በፊቱ የወደቁትን ሰው አድርጎ ማሳየት ነው።