የጠጠር ሥር ጽዳት ሠራተኞች

በጨው ውኃ አኳሪየም ዓይን የሚስበው ዓሣው ነው፤ እኔ የማደንቀው ግን ከሥር የሚድሁትን ነው። ወለሉ ጠጠር ሲሆን እነሱን መምረጥ ራሱ ጥበብ ነው። ለቃሚ ከሌለ ከዓሣ አፍ ያመለጠ ምግብ በጠጠሮቹ መካከል ገብቶ ይበሰብሳል፤ አሞኒያ፣ ቆይቶም ናይትሬት ይሆናል፤ አልጌም ይፋፋል።

ሁሉም ጽዳት ሠራተኛ ግን ለጠጠር አይሆንም፤ ናሳሪየስ የተባለው ቀንድ አውጣ መቀበር የሚወደው በደቃቅ አሸዋ ነው፤ አሸዋ አበጣሪው ኮከብ ዓሣም በጠጠር ላይ በረሃብ ያልቃል። ለጠጠር የተፈጠረ የሚመስለው ተሰባሪ ኮከብ የተባለው ክንደ ቀጭን እንስሳ ነው፤ ክንዶቹን በየስንጥቁ እየሰደደ ትርፍራፊ ይለቅማል። በባዶ ዛጎል የሚኖረው ትንሹ ሸርጣንም ትጉህ ነው፤ ትርፍ ዛጎል ካልተቀመጠለት ግን ቀንድ አውጣ ገድሎ ቤቱን ይወርሳል። ለመስታወቱ አልጌ ትሮከስ የተባለውን ቀንድ አውጣ የመሰለ የለም። አስትሪያ የተባለው ዘመዱ በጀርባው ከወደቀ ብዙ ጊዜ መነሳት ያቅተዋል፤ ትሮከስ ግን ራሱ ይገለበጣል።

ታዲያ ሙያው በልክ መምረጡ ላይ ነው። ሲበዙ ምግብ ያንሳቸዋል። የታመመ ዓሣም በሌላ ገንዳ ይታከም፤ መዳብ ያለበት መድኃኒት እነዚህን ሠራተኞች ይፈጃል።